ዝርዝርና ጥቅል፤ በናጋድ ስላለው የሳንቲም ክፍያ



ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ረጅም መንገድ ተጉዞ መንገደኞቹን በመጨረሻ የሚያወርድበት ጣቢያ ናጋድ ይባላል። ናጋድ በጅቡቲ ከተማ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ አዲሱ የምድር ባቡር በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በተመረቀ ጊዜ ስሙ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይበልጥ ታወቀ። ስለ ጣቢያው አሠራርና ስለ ባቡሩ ፍጥነት ብዙ ተነግሯል። ከባቡሩ የወረደውን መንገደኛ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ይኸውም አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ሒሳቡን ሲከፍል በመዳፉ ላይ የሚመለስለት የብረት ገንዘብ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ እንግዳ ይሆንበታል። በሀገሩ ሳንቲም ማለት ከሞላ ጎደል የታክሲ መልስና የምጽዋት ገንዘብ ሆኗል። ስሙኒና ሽልንግ ስማቸው በአፍ ላይ ቀረ እንጂ የሚገዙት ነገር ከጠፋ ቆይቷል። በጅቡቲ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የነጻነቱ 40ኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ ከወጣው የ40 ፍራንክ ኖት በቀር፣ በገበያ ከሚዘዋወሩት የወረቀት ገንዘቦች ታናሹ 1000 ፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ 1000 ፍራንክ ከአምስት ዶላር ተኩል በላይ ያወጣል። ከዚያ በታች ያለው ዋጋ ሁሉ፣ የዳቦው፣ የሻዩ፣ የአውቶቡሱና የውሃው ዋጋ፣ የሚከፈለው በብረት ነው። አሥር፣ ሃያ፣ ኀምሳ፣ መቶ፣ አምስት መቶ ፍራንክ፤ በኀምሳውና በመቶው ላይ ግመሎች፣ በአሥሩና በሃያው ላይ መርከብና ጀልባ ተቀርጸዋል። እነዚህን በአማርኛ ልማድ ሳንቲም ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የብረት ገንዘብ ሁሉ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሳንቲም ስለ ሆነ በዚሁ ስም መጥራቱ ይቀላል። ደግሞም የአዲስ አበባ ሰው በጨዋታ ገንዘብን «ፈረንካ» ሲል፣ ቃሉ ከፍራንክ የመጣ ስለ መሆኑ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል።

የዚህን ነገር ክብደት ለማየት በጣቢያው አካባቢ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት በምሳሌነት ትወሰድ። አንዱን ብርጭቆ በ50 ፍራንክ ትሸጣለች ቢባል፣ 120 ብርጭቆ በሸጠችበት ቀን 6000 ፍራንክ ትሰበስባለች። ይህ በወረቀት ቢሆን ሁለት ኖት ነው፤ አጥፋ በመቀነቷ ጫፍ ልትቋጥረው ትችላለች። በሳንቲም ሲሆን ግን 120 ፍሬ ነው። አንዱ የኀምሳ ፍራንክ ሳንቲም ወደ 7 ግራም ስለሚመዝን፣ የቀን ገቢዋ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ተሸክማ፣ ለማግስቱ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ወተትና ከሰል ልትገዛ ወደ ባለሱቁ ትሄዳለች።

ባለሱቁ በጠዋት ያገኛት እንደ ሆነ በደስታ ይቀበላታል። ሱቁን ሲከፍት ሳጥኑ ባዶ ነውና የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ትልልቅ ኖት ይዘው ሲመጡ የሚመልሰው ያጣል። «እባክሽ ዝርዝር ካለሽ» ብሎ የሚለምነው እርሱ ነው። በማታ ግን የእርሱም ሳጥን ስለ ሞላ ፊቱ ይለወጣል። ያው ሳንቲም፣ ያው ግመል የተቀረጸበት፣ ያው የመንግሥት ገንዘብ በጠዋት ብርቅ፣ በማታ ሸክም ይሆናል። «ይህን ሁሉ ማን ይቈጥራል?» ይላታል። ቈጥሮ ከመቀበል ይልቅ «ነገ በኖት አምጪልኝ» ሊላት ይችላል፤ ወይም ለመቍጠር ድካሙ ዋጋ እንዲሆንለት ጥቂት ይቀንስባታል። እርስዋም ከሰሉን ሳትይዝ ከመመለስ ቅናሹን መቀበል ይሻላታል።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ቍጥር የመንግሥት ቃል ነው፤ ኀምሳ ፍራንክ በሚኒስትርም እጅ በተሸካሚም እጅ ኀምሳ ፍራንክ ነው። የመቍጠሩን ድካም ማን እንደሚሸከም ግን በሳንቲሙ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ድካሙ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ሻጩ ከበረታ ገዢው ይቈጥራል፤ ገዢው ከበረታ ሻጩ ይቈጥራል፤ ባንኩ ከሁለቱም ስለሚበረታ ሁለቱም ቈጥረው፣ ለይተው፣ ጠቅልለው ያመጡለታል።

ይህ ነገር በዘመናችን የተፈጠረ አይደለም። በኢትዮጵያ ገንዘብ ታሪክ ውስጥ ከአሞሌ ጀምሮ ይገኛል። ከአርሆ የሚመጣው የጨው አሞሌ በመንገድ እንዳይሰበር በልጥ ወይም በሸምበቆ ይታሰር ነበር። የተሰበረ አሞሌ ጨውነቱ ባይጐድልም ገንዘብነቱ ይጐድላል፤ በሙሉ ዋጋው የሚቀበለው አይገኝምና። ማሰሪያውም የጨውን ገንዘብ ለመጠበቅ የተገኘ ዘዴ ነበረ ማለት ነው፤ ዛሬ ሳንቲም በወረቀት መጠቅለል ከዚህ አይርቅም።

ከአሞሌው ጋር በገበያ የኖረው ጠገራ ብር፣ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ከዚያ በኋላ በተመታ ጊዜ ሁሉ ይኸው ዘመን ሳይለወጥ ተቀርጾበታል። የኢትዮጵያ ነጋዴ ብሩን እንዲሁ ቈጥሮ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የልብስ ማያያዣ እንቁዎች በጣቱ እየዳሰሰ፣ ከምስሉ በታች ያሉትን ኤስና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት እየተመለከተ፣ የተፋቀውን ወይም የተበሳውን እየለየ ይጥል ነበር። መቍጠር ማለት አንድ ሁለት ብሎ መጥራት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መመርመር ነበረ። ክብደቱም ቀላል አልነበረም። አንዱ ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ሺሁ ከ28 ኪሎ በላይ ነው። አንድ በቅሎ ጥቂት ሺህ ብር ከተጫነች ሌላ ዕቃ ልትሸከም አትችልም። ከዚህም የተነሣ ትልቅ ነጋዴ ብሩን ለመሸከም በቅሎ፣ ለመጠበቅ ጠብመንጃ፣ ለመቍጠር ታማኝ ሰው ያስፈልገው ነበር።

ትንሹ ገበያተኛ ግን ችግሩ በተቃራኒው ነበረ፤ ብሩ በዛበት። አንድ ጠገራ ለዕለት ጉዳይ እጅግ ትልቅ ገንዘብ ስለ ነበር ዝርዝሩ ጨውና የጠብመንጃ ጥይት ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲወጣ ባወጁ ጊዜ ከብሩ ጋር አላድ፣ ሩብና መሐለቅ፣ በመዳብም ቤሳ እንዲኖር ያደረጉት ይህን ጉድለት ስላዩ ነው። ገንዘቡ በፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ይዞ መጣ። ከዋና ከተማው ርቆ ያለው ገበያ ግን የለመደውን የንግሥቲቱን ፊት አልተወም። ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱን ስላላከበረ አይደለም፤ አዲሱን ብር ለመመርመር ጣቱ ገና ስላልተማረ ነው እንጂ። ቤሳ በመጨረሻ ከገበያ ጠፍታ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» በሚለው አነጋገር ውስጥ ብቻ ኖረች።

የዚያ ዘመን የብር ጭነት ከጅቡቲ ጋር የተያያዘ ነው። የቀድሞው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚህ በኋላ ብር የሚጭነው በቅሎ ቀርቶ ፉርጎ ሆነ። በ1898 ዓ.ም. የተመረቀው የአቢሲንያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ ሕዝቡ ወረቀቱን የሚቀበለው ከኋላው ጠገራ መኖሩን እስካመነ ድረስ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የአቢሲንያን ባንክ የተካው የኢትዮጵያ ባንክ፣ ከዚያም በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና እስከ 1956 ዓ.ም. የቈየው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ፣ ሁለቱም በጅቡቲ የትራንዚት ጽሕፈት ቤት ነበራቸው። የንግድ ዕቃውም የገንዘቡም መግቢያና መውጫ በሆነ ወደብ ላይ ባንኩ የራሱ ዓይንና እጅ እንዲኖረው መፈለጉ የሚገባ ነበር።

ጠገራው ድንበር አያውቅም ነበር። በየመን፣ በሱዳን፣ በሐረርና በጐጃም ያው አንድ ነው፤ ብረቱ ራሱ ዋጋው ነውና። ይህንንም የሚያውቁት መንግሥታት ተጠቅመውበታል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን ማኅተም ከቪየና አስመጥቶ በሮም አስመታ፤ በማግስቱ ዓመት እንግሊዞችም በሎንዶን መምታት ጀመሩ። የሞተች ንግሥት ፊት ለጦርም ለንግድም እኩል ታገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ወረቀቱን የሚጠራጠረው ሕዝብ ልቡ እንዲያርፍ 50 ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ፤ ብሩም ከአሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ እርዳታ የተገኘ ነበር። ሌሎቹ ከመዳብ ተሠሩ። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው 1936 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በድጋሚ ሲመቱ ዘመኑ አልተለወጠም። የኢትዮጵያ ገበያ ከማርያ ቴሬዛ የተማረው ይህ ይመስላል፦ ፊቱም ዘመኑም የማይለወጥ ገንዘብ ቶሎ ይቈጠራል። ክቡ 25 ሳንቲም ደግሞ በስፋቱ ከ50ው ጋር ይቀራረብ ስለ ነበር ተነሥቶ ጠርዙ እንደ አበባ የተቀረጸው ተተካ፤ በጨለማም በእጅ ዳስሶ መለየት ተቻለ።

አሁን ወደ ሻይ ሻጭዋ መመለስ ይገባል። ባለሱቁ በማታ ሳንቲሟን አልቈጥርም ሲላት ሌላ መንገድ ትፈልጋለች፤ ይኸውም መጠቅለል ነው። የኀምሳ ፍራንኩን ሃያ ሃያ አድርጋ ትደረድራለች፤ ሃያው 1000 ፍራንክ ይሞላል። በአሮጌ የደብተር ወረቀት አጥብቃ ትጠቀልለዋለች፤ ሁለቱን ጫፍ ታጥፋለች። እንግዲህ በእጅዋ ያለው ሃያ ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ አንድ ዕቃ ሆኗል። ባለሱቁ ስድስት ጥቅል ቈጥሮ 6000 ፍራንክ ይቀበላል። የመቍጠሩን ሥራ በቤትዋ፣ በመብራት ሥር፣ በራስዋ ጊዜ ሠርታ ጨርሳለችና።

ይሁን እንጂ ጥቅል ያላየነውን ማመን ይጠይቃል። ሳንቲሙ ልቅ ሆኖ በጠረጴዛ ላይ ሲፈስ ዓይን ያየዋል፤ የተጠቀለለው ግን በወረቀት ውስጥ ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ጥቅል ፈትቶ ይቈጥራል፤ ሃያ ሆኖ ሲያገኘው ሁለተኛውን አይፈታም፤ ከሳምንት በኋላ አንዱንም አይፈታም። አንድ ቀን ግን ከጥቅሎቹ ባንዱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቢገኝ የሚጐድላት 50 ፍራንክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቅልዋ ሁሉ ይፈታል፤ ስምዋም አብሮ ይፈታል። በዱቤ የምትወስደው ስኳርም ይቀርባታል። ስለዚህ ብዙ ሻጮች ከመጠቅለላቸው በፊት ሁለት ጊዜ ይቈጥራሉ፤ ሁለተኛውንም ጊዜ ልጅ ያስቈጥራሉ።

ይህን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል። በቤቱ ሳንቲም የሚቈጥር ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶውን አይመጣም። አምስት አምስት፣ አሥር አሥር አድርጎ መደርደርን፣ ሃያ ጊዜ ኀምሳ ሺህ መሆኑን፣ የጐደለው አንድ የት እንደ ገባ መፈለግን ያውቃል። ብዙ ጊዜ ግን ይህን ዕውቀት በሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው ማባዛት ጋር አንድ መሆኑን የሚነግረው አያገኝም፤ በቤቱ ፈጣን የሆነው ልጅ በክፍሉ ሰነፍ ተብሎ ይቀመጣል።

ባንኮች ጥቅልን በራሳቸው ሥርዓት ያደርጉታል። በአውሮፓ የ2 ዩሮ ሳንቲም 25 ፍሬ፣ የ1 ሳንቲሙ 50 ፍሬ ሆኖ ይጠቀለላል፤ በአሜሪካ የአንድ ሳንቲሙ 50፣ የሃያ አምስት ሳንቲሙ 40 ፍሬ ነው። የባንክ ሠራተኛ ይህን ጥቅል ሊመዝነው ይችላል፤ በማተሚያ ቤት የሚመታው ሳንቲም ሁሉ ክብደቱ አንድ ዓይነት ነውና ጐደሎው በሚዛን ይታወቃል። የጠገራን እንቁ የሚዳስሰው ጣት ሥራ ዛሬ በሚዛንና በመቍጠሪያ መኪና ተተክቷል። ነገር ግን መኪናው ዋጋ አለው፤ ሠራተኛውም ደመወዝ አለው። ስለዚህ በብዙ ሀገር ባንክ ብዙ ሳንቲም ይዞ የሚመጣውን ሰው ክፍያ ይጠይቀዋል፣ ወይም ደንበኛ ካልሆነ አይቀበለውም።

ሕግ አውጪዎችም በዚህ ጉዳይ ገብተውበታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሕግ የአንድና የሁለት ፔንስ ሳንቲም ሕጋዊ ክፍያ የሚሆነው እስከ 20 ፔንስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ተቀባዩ ቢፈቅድ እንጂ አይገደድም። የዩሮን ገንዘብ የሚመለከተው የ1998 እ.ኤ.አ. ደንብ ደግሞ ማንም ሰው፣ ገንዘቡን ካወጣው ባለ ሥልጣንና በየሀገሩ ሕግ ከተለዩት በቀር፣ ባንድ ክፍያ ከ50 ሳንቲም በላይ እንዲቀበል አይገደድም ይላል። በመሠረቱ እነዚህ ሕጎች የተጻፉት ዕዳውን ወይም መቀጫውን ተናዶ በጆንያ ሳንቲም የሚከፍለውን ሰው ለመከልከል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ድካምን መበቀያ ያደርጋል። ነገር ግን ሕጉ ተናዶ የሚያመጣውንና ሌላ የሌለውን አይለይም። የሻይ ሻጭዋ 120 ሳንቲም በዩሮ አገር ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ሰባውን አልቀበልም ለማለት መብት ነበረው።

በአዲስ አበባ ይህ ነገር ሌላ መልክ ይዟል። በዚያ ችግሩ የሳንቲም መብዛት ሳይሆን መታጣት ነው። የታክሲ ረዳት «ዝርዝር ያዙ» እያለ ይጮኻል፤ ባለሱቅ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይሰጣል። ከረሜላው በሱቁ እንደ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ በሱቁ እንደ ገንዘብ አይመለስም፤ ይህን የሞከረ ልጅ ያውቀዋል። በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም ወጥቶ የብሩን ወረቀት ቀስ በቀስ ከገበያ ቢያስወጣውም እጥረቱ አልቀረም። ከዚህ የተነሣ በታክሲ መቆሚያና በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ሳንቲም በፊታቸው ከምረው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ኖት ተቀብለው ጥቂት አስቀርተው ዝርዝር ይሰጣሉ። ምጽዋት ሰጪውም ረዳቱም ይህን ቅናሽ አይከራከርም። በናጋድ ሴቲቱ ሳንቲሟን ለማውጣት ትቀንሳለች፤ በአዲስ አበባ ሌላዋ ሳንቲም ለመስጠት ትቀንሳለች። በሁለቱም ቦታ የሚገዛውና የሚሸጠው የመቍጠር ሥራ ነው። ልዩነቱ በአንደኛው ቦታ ድሀዋ ለሥራዋ ስትከፈል በሌላው ቦታ ለሥራዋ መክፈልዋ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ባቡር በናጋድ ሲቆም መንገደኛው ኪሱን ይፈትሻል። የቀረው የወረቀት ፍራንክ ካለ በአዲስ አበባ የሚመነዝርለት ያገኛል፤ የብረቱን ግን የሚቀበለው የለም። ጠገራ በጫካና በባሕር ያለፈበትን ድንበር የዛሬው ሳንቲም አያልፍም፤ ዋጋው በብረቱ ሳይሆን በመንግሥቱ ቃል ነውና ቃሉ በድንበሩ ያበቃል። ስለዚህ መንገደኛው ሦስት መቶ፣ ሁለት ኀምሳና አንድ ሃያ ፍራንክ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይቈጥር፣ ሻይ በቀዳችለት ሴት ሰሐን ላይ አፍስሶ ወደ ባቡሩ ይሮጣል። እርስዋ ግን ትቈጥረዋለች፤ መቶዎቹን ለብቻ፣ ኀምሳዎቹን ለብቻ አድርጋ፣ ሃያውን ለመልስ ወደ ጣሳው ትጥለዋለች፤ ሁለቱን ኀምሳዎች ደግሞ አሥራ ስምንት ላይ ቆሞ ከነበረው ድርድር ላይ ትጨምራቸውና ወረቀት ትፈልጋለች።